ሁለቱ በአንድ ሳህን

ጅማ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊያችን አቶ መርዕድ ነጭ ጋውን ሰጡኝና ሕጉን ነገሩኝ፦ «አንድ ሳህን፣ አንድ ጀርም። ተቀላቅሎ ካገኘኸው ለየው።»

ሥራዬ ይኸው ነበር። መዝሪያ ሽቦዬን በእሳት አግላለሁ፣ ከቁስል የመጣውን ጀርም ለይቼ ማብቀያ ሳህን ላይ እዘራለሁ፣ መድኃኒት የተነከሩ ክብ ወረቀቶች አስቀምጥበታለሁ። በማግሥቱ የወረቀቱ ዙሪያ ከጠራ መድኃኒቱ ገድሏል ማለት ነው።

በአንድ የቡና ወቅት አዴ ዘይነባ የሚባሉ እናት ከሰቃ ገጠር መጡ። ቡና ለቃሚ ናቸው። እግራቸውን ጉቶ ወግቷቸው፣ ካፕሱል እየከፈቱ ዱቄቱን ሲነሰንሱበት ከርመዋል።

«ልጄ፣ ቡና ተቀምጠው አይለቅሙትም። ይቺን እግር አደራ» አሉኝ።

«አይዞዎት አዴ፣ የሚገድለውን መድኃኒት እናገኛለን» አልኳቸው።

ከቁስሉ ሁለት ዓይነት ጀርም ወጣ። ለየኋቸው። አንድ መድኃኒት ሁለቱንም በየሳህናቸው ፈጃቸው። ውጤቱ አዴ የተኙበት ዋርድ ደረሰ፣ የዚያው መድኃኒት መርፌ ተጀመረ፤ ቁስሉ ግን ባሰበት።

ነገሩ ከነከነኝና ሁለቱን አንድ ሳህን ላይ ዘርቼ ያንኑ የመድኃኒት ወረቀት አስቀመጥኩበት። በማግሥቱ እስከ ወረቀቱ ጥግ ሞልተው አገኘኋቸው። ሳህኑን ይዤ አቶ መርዕድ ጋ ሮጥኩ። አዩት፤ አብረው ሲሆኑ መድኃኒቱ እንደማይገድላቸው ገባቸው።

«ለዋርዱ ሐኪም ልንገረው?» አልኳቸው።

«መስመር አትዝለል። ዋርዱ ሌላ የአንድ ለአምስት ቡድን ነው። ግምገማ ላይ አንሳው።»

ግምገማው ሲደርስ አነሳሁት። የዋርዱ ተወካይ «ላብራቶሪው ውጤት እየለዋወጠ ሥራችንን ያውካል» አለች። ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ። ስለ አዴ ዘይነባ እግር የጠየቀ የለም።

እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ልጠይቃቸው ሄድኩ።

«ልጄ፣ ይገድለዋል ብለህ አልነበር?»

«ገድሎት ነበር አዴ። ሳህኑ ላይ።»

«ያ ረቢ!» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ተመራማሪ ከውጭ መጥቶ ገለጻ አደረገልን። ሆን ተብለው በላብራቶሪ የተሠሩ ጀርሞች በኬሚካል ምልክት እየተጠራሩ፣ አንዱ ሌላውን ከመድኃኒት ሲያተርፍ በስክሪን አሳየን። አቶ መርዕድ ከሁሉ በላይ አጨበጨቡ። እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩ። በየስብሰባው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን ስንፎክር፣ ተረቱን ሥራ ላይ ያዋሉት ጀርሞቹ ነበሩ።

ለተተኪዎቼ የምለው ይህን ነው። ቁስል ውስጥ አብሮ የኖረውን አብራችሁ ፈትኑት። ውጤቱንም ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዋርዱ ከኮሪደሩ ማዶ ነው።