ቀኖና የማትሰጠው ሲስተር

ሲስተር ሥራነሽ ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የሰው ጭንቀት ስታዳምጥ ዓመታት አልፈዋል። ሥራዋ መስማት እንጂ መፍረድ አይደለም፤ መስማት ግን ድንጋይ ከመፍለጥ ይከብዳል።

ዛሬ የመጡት የደምበጫው ገበሬ አያ ዓለምነው ናቸው። በክረምት ገበያ የላኩትን ልጃቸውን ወንዝ ወስዶባቸዋል። ይህን በእንባ ነግረዋት ሲያበቁ፣ እንደ ንስሐ አባት ፊቷ ተንበረከኩ።

«ቀኖናዬን ይስጡኝ። ጾሙንም ስግደቱንም እችለዋለሁ።»

እንዲህ የሚላት ሰው ብዙ ነው። ደክሟት የለመደችውን መለሰች፦ «አባቴ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም። ደግሞስ እርስዎ ምን አጠፉ?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «እኔ ካላጠፋሁማ ልጄ እንዲያው በከንቱ ነዋ የሞተው!»

ለካ «ነጻ ነዎት» ማለትም ፍርድ ኖሯል። ከወንበሯ ወርዳ እንደ ለቀስተኛ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።