ዲዮሊንዳ ያጠነከረችው ሽጉጥ

ሚስትን በአደባባይ ማሞገስ ነውር ነው የሚል ካለ ጆሮውን ይድፈን። እኔ ፍሎሪንዶ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፤ ለድሎ በምትባለው የአሜሪካ ከተማችን ውስጥ የኔን ዳቦ ያልበላ ፖርቱጋላዊ የለም። ሰው ግን የሚያውቀኝ «የዲዮሊንዳ ባል» በሚል ነው። ደስ ይለኛል፣ ምን ይከፋኛል!

ዲዮሊንዳ ሽጉጥ ትሠራለች። ልጅ ሆና ሽጉጥ ፋብሪካ ያስገቧት፣ ሞረድ አያያዝ ያሳዩዋት የክርስትና አባቷ ኤውዜቢዮ ናቸው። ፋብሪካው እሷ የነበረችበትን ክፍል ሲዘጋ ከተማችን ውስጥ ያለው መሣሪያ መሸጫ ቀጠራት። ከሌላ ስቴት የመጣ ሽጉጥ እኛ ዘንድ ማሳቹሴትስ እንዳለ አይሸጥም፤ ሕጉ ምላጩ የአምስት ዓመት ልጅ ሊስበው የማይችል ይሁን ይላል። ስለዚህ ትፈታዋለች፣ ሞላውን በጠንካራ ትለውጣለች፣ ትገጥማለች፣ በሚዛን ትስበዋለች። አሥር ፓውንድ ካልሞላ መልሳ ትፈታዋለች። ቀላል ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ መጥቶ ይሞክራት! ማጠንከርማ ማንም ያጠነክራል። የሷ ጠንካራ ግን አይንገጫገጭም፣ መሃል ላይ አይነክስም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው።

ጣራ ሠሪው ጀርማኖ አፉ አያርፍም። «የዲዮሊንዳ ክሊኒክ ጉድ ነው እኮ! ጤነኛ ገብቶ ታሞ ይወጣል» ይላታል የፖርቱጋሎች ክበባችን ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት።

«አንተን ግን አላክምም» ትለዋለች፤ «አንተ ከቤትህ ታመህ ነው የምትመጣው።»

እንዲህ ስንሳሳቅ ኖረን፣ ባለፈው ዓመት ሳቃችንን የሚያስረሳ ነገር መጣ። የክበባችን ዓመታዊ የዒላማ ውድድር የሚከፈተው በኤውዜቢዮ ተኩስ ነው። ከፋብሪካው ሰዎች ትልቁ እሳቸው ናቸውና ማንም አይቀድማቸውም። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ከሽጉጡ ጀርባ ያለውን መምቻ ቃታ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ስቦ ምላጩን ማቅለል አይፈቀድም። በምላጩ ብቻ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ብረት ሰሌዳውን መምታት ነው። የሽማግሌው የድሮ ሽጉጥ ግን አልቆለት ነበር። አዲስ መረጡና ዲዮሊንዳ ዘንድ መጡ፤ እኔም ምሳዋን ይዤ እዚያው ነበርኩ።

«ልጄ፣ ይሄንን አታጠንክሪው» አሉ እጃቸውን እያሳዩዋት። ጣቶቻቸው እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል። «ማን ያየዋል? እኔና አንቺ እንጂ።»

«አባባ፣ እኔ አየዋለሁ።»

«ቤቴ ልጅ የለም እኮ!»

«ልጅ የሚመጣው ሳይነግርዎ ነው።»

«ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ ዲዮሊንዳ!» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?»

ፊቷ ቀላ። የክርስትና አባቷን እምቢ ብላ አታውቅም፤ ለኔ ስትዳር እንኳ መጀመሪያ የጠየቀችው እሳቸውን ነው። «ከአሥር ፓውንድ አላወርደውም» አለች። «ከዚያ ውጪ ያለውን ሁሉ ግን አደርግልዎታለሁ።» ሽማግሌው ሳይሰናበቷት ወጡ። እኔም እቤት «ምን ነበረበት አንዴ ብታቀልይላቸው?» ብላት፣ «አንተ ዳቦህን ጋግር» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ሰንበት ብላ ዳቦ ቤቴ አመጣቻቸውና ሊጤን በቡጢ አስጨበጠቻቸው። «ይጨብጡት፣ አባባ፣ ሽጉጥ እንደሚይዙ አድርገው።» እየተነጫነጩ ጨበጡ። የጣታቸውን ልክ ከሊጡ ላይ ወስዳ ከዋልነት እንጨት እጀታ ጠረበችላቸው። ውስጡን ደግሞ ብረት ከብረት የሚነካካበትን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አሸችው፣ መልሳ አሸችው። ሚዛኑ ላይ አሥር ፓውንዱ ንቅንቅ አላለም። እኔ ስስበው ግን ቅቤ ነው።

የውድድሩ ቀን ሰው ሁሉ ወጥቷል። ቋሊማው ይጠበሳል፣ የጎመኑ ሾርባ ይፈላል። ኤውዜቢዮ መሥመሩ ላይ ቆሙ፤ ሁላችንም ጆሯችንን ሸፈንን። ሽጉጡን አነሱ። ጣታቸው ሳበ፣ ሳበ፣ ከግማሽ በላይ ሄደና እዚያው ቆመ። እንደገና ሞከሩ። ያው ነው።

«በአውራ ጣትዎ ቃታውን ይሳቡት እንጂ! እኛ ዞር እንላለን» አለ ጀርማኖ። «ክሊኒክ ገብቶ የወጣ ነው፣ ምን ይደረግ!»

አንዳንዱ ሳቀ። ደሜ ፈላ። በጥፊ ልለው ስነሳ ዲዮሊንዳ በዓይኗ አስቀመጠችኝ። ሽማግሌው ሽጉጡን ወደ መሬት እንዳዞሩ ወደ እሷ ዘወር አሉ። «ምንድነው ልጄ? ሽጉጡ ነው?»

አዎ ብትላቸው ይድናሉ፤ የሥራዋ ስም ግን ያን ቀን ያበቃለታል። አይደለም ብትላቸው ደግሞ ያን ሁሉ ሰው ፊት ማርጀታቸውን ልትናገር ነው። እኔ ብሆን እዋሻለሁ፣ እውነቴን ነው። እሷ ቀረብ ብላ፣ «አባባ፣ ሽጉጡ ደህና ነው። እጅዎ ነው የደከመው» አለች።

ቋሊማ የሚጠብሰው ሰውዬ እንኳ እጁን አቆመ። ኤውዜቢዮ ጥይቶቹን አወጡ፣ ባዶ መሆኑን አዩና ጆሯቸው አጠገብ አድርገው በሁለት እጃቸው ምላጩን ቀስ ብለው ሳቡት። ዘፈን እንደሚሰማ ሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደገና ሳቡት።

«ና እስቲ ጀርማኖ፣ እንካ ሳበው» አሉ። ጀርማኖ ባዶውን ሽጉጥ ተቀብሎ ከዒላማው ኋላ ወዳለው የአፈር ግድብ አነጣጠረና ሳበ። ለሁለተኛ ጊዜ ሳበ።

«ምን አገኘህበት?»

«ምንም።»

«ጮክ በል፣ አልሰማሁህም!»

«ምንም እንከን የለውም፣ አባባ።»

ሽማግሌው ሽጉጡን ለዲዮሊንዳ ሰጧት። «የመጀመሪያው ተኩስ ያንቺ ነው።»

«እርስዎ እያሉ? አይሆንም!»

«ከሞትኩ በኋላማ ማንም ይሰጥሻል» አሉ። «እኔ እያለሁ ውሰጂውና ልየው።»

ጥይት አጎረሰች፣ ቆመች፣ ሳበች። ብረቱ ጮኸ! እልልታውን አትጠይቁኝ፤ እኔ እንደ ሕፃን እያለቀስኩ ነበርና በደንብ አልሰማሁትም።

ዛሬ ኤውዜቢዮ ያን ሽጉጥ አይተኩሱበትም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ግን ያገኙትን ሰው ሁሉ ክንዱን ይዘው ያቆማሉ። «ልጄ የሠራችውን ሰምተሃል? ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እኔው ራሴ ለምኛት እንኳ እምቢ አለችኝ!»