የሰይድ ማሽን ያለው እኔ ቤት ነው

ዛሬ ሁለት ወሬ በስልክ ደረሰኝ። አንዱ ስለ እኔ ነው። «ሲስተር የሰይድን ማሽን ለጤና ቢሮው አስረከቡ» እየተባለ ነው አሉኝ። ውሸት ነው። ለማንም አላስረከብኩም።

ሁለተኛው፣ ሰይድ ደሴ ሊታከም በሄደበት ሞተ የሚል ነው። የመጀመሪያው ውሸት ስለነበር ይህንንም ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ቆይቼ እህቱ ጋ ደወልኩ። አንስታ ሰላም ሳትለኝ አለቀሰች። ያን ጊዜ አመንኩ።

ባለፈው ሳምንት ለኩላሊቱ ሲሄድ በሬ ላይ ቆሞ «አብሽሩ እትዬ፣ ለጁምዓ እመለሳለሁ» ብሎኝ ነበር። አስከሬኑ ዛሬ እናቱ ዘንድ ወግዲ ገብቶ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ተቀበረ። እኔ ካለሁበት ከመካነ ሰላም መኪና አጥቼ ቀብሩ ላይ አልደረስኩም።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሰይድ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግነው ረጅሙ ልጅ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች የሚነጋገሩበትን የስልክ መስመር የሠራው እሱ ነው።

እነዚህ ልጆች ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት፣ ከመንደር መንደር ሲዞሩ ይውላሉ። አንዷ ያወቀችውን ሌላዋ የምትሰማው ገበያ ላይ ከተገናኙ ብቻ ነበር፤ ካልተገናኙ ቀረ ማለት ነው። ሰይድ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ማሽን የምንለውን፣ ከስልክ ቁጥር ጋር አገናኘ። ልጆቹ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥተው ይደውሉና ያዩትን ይናገራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ደውለው ያዳምጣሉ። እኔም ከነርስነቴ ጡረታ ብወጣም፣ የሚሉት ትክክል መሆኑን እንዳዳምጥለት ለመነኝ፤ እሺ አልኩ።

መጀመሪያ ላይ ማሽኑ የሚቀዳው ለአጭር ጊዜ ነበር። ልጆቹ ደግሞ የወሎ ልጆች ናቸው። ቤተሰቡ እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ዝናቡ እንዴት ነው ሲሉ ዋናው ነገር ሳይነገር ይቆረጣል። ሰይድ ተበሳጨና «ሰላምታ ይቅር፣ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ግቡ» አላቸው።

ዘሃራ የምትባለው ልጅ ታዛዥ ናት። በማግስቱ ደውላ «ስሙኝማ፣ ትናንት ማታ...» ብላ ጀመረች። ጓደኛዋ የቀረውን አልሰማችም። በእኛ አገር ሰላም ሳይል የሚጀምር ሰው መርዶ የያዘ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ዘሃራ ደጅ ደረሰች።

«ማን ነው የሞተው? አትደብቂኝ!»

«ኧረ ማንም አልሞተ! ስለ አጎበር ነው ያወራሁት!»

«አንቺ ልጅ፣ ለአጎበር ብለሽ ሰው ትገድያለሽ?»

ሰይድ ይህን ሲነግረኝ ከሳቁ የተነሳ ወንበሩን ይዞ ነበር። «እትዬ፣ ሰላምታውን ካስቀረሁት ሰው ሊሞትብኝ ነው» አለ። ተቀምጦ ማሽኑን እንደገና አስተካከለው። ሰላምታ የራሱን ጊዜ አገኘ፤ ጉዳዩ ከዚያ በኋላ ይቀዳል፤ የቸኮለ ሰላምታውን ዘሎ ማዳመጥ ይችላል። የዘለለ ሰው ግን አላየሁም።

የተከራከርነው በሌላ ነገር ነው። እሱ የተናጋሪ ስም አይያዝ አለ። እኔ ነርስነት የተማርኩት ጥፋት ስምሽ ተጠርቶ፣ ቆመሽ፣ በሰው ፊት በሚነገርበት ቤት ነው። «ስም የሌለው ነገር ኃላፊ የለውም» አልኩት።

«እትዬ፣ ያኔ የትኛው ጥፋት ነው የሚነገረው?»

«የተያዘው።»

«ያልተያዘውስ?»

«የሳተ ይናገር፣ ያልሳተ ይስማ» አለኝ። ይህ የዘወትር አባባሉ ነው፤ ልጆቹም ሁሉ ይሉታል።

እውነቱን ነበር። ግምገማ በሚፈራበት ጊዜ ለቢሮ የሚጻፈው ሁሉ ስኬት ነው። በዚያ መስመር ላይ ግን አንዲት ልጅ፣ ማን እንደሆነች አልጽፍም፣ ያበላሸችውን ተናገረች። ክትባቱ ደህና እንዲቀዘቅዝላት ብላ በረዶውን ከፍሪጅ እንዳወጣችው ከብልቃጦቹ ጋር አጣብቃ ይዛ ወጣች። ክትባቱ ራሱ በረዶ ሆኖ ተበላሸ። ብዙም ሳይቆይ ሌሎቹ እየደወሉ «እኔም የማደርገው እንደዚያው ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ በረዶው ላብ እስኪያወጣ ውጭ ያቆዩታል።

ነገሩ ቢሮ ደረሰ። ኃላፊው ሰይድን አስጠሩት። «ድምፆቹን ለግምገማው አምጣ። ያቺ ልጅ ማን ናት?» አሉት።

«ማሽኑ ስም አያውቅም።»

«አንተስ?»

«እኔማ ጆሮዬን ያመኛል።»

ቢሮው ውስጥ የነበረው ሥራ በዚያው ቀረበት። ማሽኑ የራሱ ንብረት ስለነበር ባጃጅ ላይ ጭኖ እኔ ቤት አስገባው። መናኸሪያው ጋ ስልክ መጠገን የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መስመሩን ግን አንድ ቀን አልዘጋውም።

ዛሬ ደግሞ ገና ሳይቀበር አንድ የቢሮ ሰው ደወለልኝ። «ሲስተር፣ እንግዲህ ባለቤቱ ካለፈ ማሽኑን መጥተን ብንወስደው» አለኝ። የልጆቹ ድምፅ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አስረክበዋል የሚለው ወሬ ግን ቀድሞት ተዛምቶ ነበርና ከቀትር ጀምሮ አንድም ልጅ በመስመሩ አልተናገረም። ድምፃችን ተለይቶ ስማችን ሊወጣ ነው ብለው ፈርተዋል። አሁን ዝም ካሉ፣ ዝም እንዳሉ ይቀራሉ።

ሰይዴ፣ ቀድሜህ መሄድ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ተራ ማዛባት እንደማልወድ ታውቃለህ። ሰው አሳልፈህ ሳትሰጥ ሄደሃል፤ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ደህና ሁን፣ ልጄ።

ነገ መጀመሪያ ቢሮው ሲከፈት በር ላይ እገኛለሁ። ማሽኑን እንደማልሰጥ ለኃላፊው ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ፣ ያልኳቸውን ቃል በቃል በመስመሩ ላይ እናገራለሁ፤ ልጆቹ ይስሙት። ከዚያ የወግዲን መኪና ይዤ እናትህ ዘንድ እሄዳለሁ።