በቁጥር አራት የገደልኳት ጀግና

ባለፈው ወር አንድ ቀን ጠዋት፣ ለአለቃዬ "ወገቤን ይዞኛል" ብዬ ከሥራ ቀረሁ። ከዚያ አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የአርባ ስድስት ዓመት ሰውዬ በፒጃማ ተቀምጬ የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ሳነብ ዋልኩ።

መጽሐፎቹን ያገኘሁት ሃያ ሁለት ሰፈር ያለውን የወላጆቻችንን ቤት ስንለቅ፣ አንድ አሮጌ ካርቶን ውስጥ ነው። አምስት ጀግኖች በቡድን ሆነው ዓለምን የሚያድኑበት የእንግሊዝኛ ተከታታይ ነው፤ ዘጠኝ ቁጥር አለው። ሆስተስ የነበረችው አክስታችን ከበረራ ስትመለስ ታመጣልን ነበር።

ያኔ እኔ ስድስተኛ ክፍል፣ እህቴ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። ከሰፈር ልጆች እንግሊዝኛ የሚችለው እኔ ብቻ ነኝ ተብሎ ይታመን ነበር፤ ወሬውን ያስወራሁትም እኔው ነኝ። ከአሥር ቃል አንዱን ባውቅ ነው። ግን ልጆቹን አጥር ሥር ሰብስቤ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ሥዕሉን እያየሁ እተረጉም ነበር። በኔ ትርጉም የቡድኑ መሪ ሁልጊዜ ትክክል ነው፤ ምክንያቱም በጨዋታችን መሪው እኔ ነበርኩ።

ችግሩ እህቴ ነበረች። ከጀግኖቹ አንዷ ግድግዳ ሰንጥቃ የምታልፍ ሴት ነች። እህቴ እሷን ሆና ስትጫወት አጥር ትዘላለች፣ እኔን ቀድማ ትሮጣለች። ልጆቹ ቀስ በቀስ እሷን መከተል ጀመሩ፤ እኔ ፎጣ ትከሻዬ ላይ አስሬ "ተከተሉኝ!" እያልኩ ብቻዬን ቀረሁ። አክስታችን አራትና አምስትን አንድ ላይ ስታመጣ የበቀል ጊዜዬ ደረሰ። በቁጥር አራት መጨረሻ ሴትየዋ ፍርስራሽ ሥር ወድቃለች። "ሞተች" አልኩና መጽሐፉን ዘጋሁት። በቁጥር አምስት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ልብሷን እያራገፈች ስለምትነሳ፣ እሱን ቁም ሣጥን ላይ ደበቅኩት።

እህቴ ለቅሶ ተቀመጠች። የእማዬን ጥቁር ነጠላ ተከናንባ ጓሮ ፍራሽ አነጠፈች፤ ልጆቹ ከየቤታቸው ንፍሮ ይዘው መጡ። እኔም ገዳዩ ሄጄ "እግዚአብሔር ያጥናሽ" አልኳት። እማዬ ከገበያ ስትመለስ ሰው ባልሞተበት ቤት ለቅሶ ጠበቃት። "ምን ታሟርቺብኛለሽ!" ብላ እህቴን በቀበቶ ገረፈቻት። እኔ ቁም ሣጥኑን ተደግፌ ቆሜ አየሁ። ጨዋታው በዚያው ቀረ፤ በኋላ የመጡት ቁጥሮች ሳይገለጡ ካርቶን ውስጥ ገቡ።

አሁን በደንብ ሳነበው ለካ ሴትየዋ በቁጥር ስድስት የቡድኑ መሪ ትሆናለች። በየቁጥሩ ቡድኑን ወጥመድ ውስጥ የሚከተው ደግሞ የኔ ሰውዬ፣ የድሮው መሪ ነው። ከዚያ በላይ ማንበብ አልቻልኩም። አፈርኩ። ለእህቴ ደወልኩላትና ቦሌ፣ ቢሮዋ ሥር ወዳለው ካፌ ካርቶኑን ታቅፌ ሄድኩ።

"አልሞተችም" አልኳት።

"ማን?"

ቁጥር አምስትን ገልጬ ሰጠኋት።

"ያኔ ታውቅ ነበር?"

"እንግሊዝኛዬ ደካማ ነበር" ለማለት መንገድ ላይ ተዘጋጅቼ ነበር። ግን የቆመች ሴት ለማየት እንግሊዝኛ አያስፈልግም።

"አውቅ ነበር። እማዬ ስትገርፍሽም አውቅ ነበር። ይቅርታ።"

"እኔ እኮ የምሬን ነው ያለቀስኩላት" አለች። ካርቶኑን ወደ ራሷ ሳበችው። "የት ደርሰሃል?"

"ስድስትን ጨርሻለሁ።"

ሰባትን፣ ስምንትንና ዘጠኝን አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "ሳነበው ማን እንደሞተ እነግርሃለሁ" ብላኝ ወደ ቢሮዋ ወጣች።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆናት። በደወልኩ ቁጥር "ገና ነኝ" ትለኛለች። ባለፈው እሁድ ልጆቼ እሷ ጋ ውለው ሲመለሱ መልእክት ይዘውልኝ መጡ፦ "የሱ መሪ ሞቷል በሉት ብላለች።" እውነቷን ይሁን ውሸቷን የማውቅበት መንገድ የለኝም። ትስቁብኝ ይሆናል፤ እኔ ግን የምሬን ከፍቶኛል።