በሽንፋ ወንዝ ዳር አባቴን የጠራው ድምፅ

እናቴ ከሞተች በሁለተኛው ዓመት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አባቴን ዓሣ እንዲያጠምዱ ወደ ሽንፋ ወንዝ ወሰድኋቸው። ከቀብሩ ወዲህ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ከመዋል በቀር ሥራ አልነበራቸውም። በወጣትነታቸው ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ ወርደው እዚሁ የቀሩት ለዚያ ወንዝ ዓሣ ሲሉ እንደሆነ እያነሱ ይቀልዱ ነበር። ሚስቴና የአምስት ዓመት ልጄም አብረውን መጡ። ፒክአፕ መኪና ከጓደኛዬ ተዋስሁ።

ከመተማ ዮሐንስ ጎሕ ሲቀድ ወጣን። አስፋልቱን ለቀን የትራክተሩን መንገድ ከያዝን በኋላ ሰው እየሳሳ ሄደ። ዝናብ የሚጠብቀው ጥቁር መሬት እስከ ዓይን ጥግ ባዶውን ተዘርግቷል።

የዓሣ አጥማጆች ማረፊያ የሚሉት ከወንዙ በላይ፣ ከፍታ ላይ የተሠሩ ሦስት የሣር ጎጆዎች ናቸው። ጠባቂው ብቻውን ነበር። እንግዳ ከመጣ ስንት ጊዜ እንደሆነ ስጠይቀው "እንጃ" አለኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ።

"አባቴ፣ ከሥር ያለውን ኩሬ ቢተዉት ይሻላል። ዓሣ ሞልቶታል፤ ግን ሰው አይቆይበትም።"

"ለምን? አዞ አለው?"

"አዞማ ቢሆን ይታያል።"

አባቴ ስቀው መንጠቋቸውን አነሱ፤ የልጄን እጅ ይዘው ወረዱ። እኔና ሚስቴ ዕቃ ማውረድ ጀመርን። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ወደ ቀትር ነው። ስንደርስ ሲንጫጩ የነበሩት ወፎች በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። የራሴን ትንፋሽ ሰማሁት።

ትንሽ ቆይቶ አባቴ ልጄን እየጎተቱ፣ እያለከለኩ ወጡ።

"ማን ናት የጠራችኝ?"

"ማንም አልጠራዎትም" አልኋቸው።

"'አንተ ሰው፣ ምሳህ ቀዘቀዘ' አለችኝ እኮ!"

ሚስቴ ቀና ብላ አየችኝ። እንዲያ ብላ የምትጠራቸው እናቴ ብቻ ነበረች።

ወዲያው መሬቱ ጉም ጉም አለ። ዝናብ የጣለው ሩቅ፣ ደጋው ላይ ነው፤ ጎርፉ ግን በጠራ ሰማይ ሥር ግንድ እያገላበጠ ደረሰ። አባቴ ተቀምጠውበት የነበረው ድንጋይ ሲሰወር ከላይ ሆኜ አየሁት። ጠባቂው አጠገባችን ቆሞ ነበር። ማን እንደጠራቸው አልጠየቀም። "በሉ፣ ሳይመሽባችሁ ሂዱ" ብቻ አለን።

መንገድ ላይ ሚስቴ አለቀሰች። "እማማ ናቸው ያተረፏችሁ" ትላለች። አባቴም ከስንት ጊዜ በኋላ ፊታቸው ፈታ አለ።

ያኔ ልጄ ወደ አያቷ ዞራ "አባባ፣ ለምን ወደ ሴትዮዋ አልሄድንም?" አለች።

"ሄድን እኮ የኔ ልጅ፤ ሽቅብ ወጣን አይደል?"

"እሷ ግን ከውሃው ውስጥ ነው የጠራችን።"

መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ትራክተር ሲነዱ ኖረው አንድ ጆሯቸው ደንቁሯል፤ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ አይለዩም። ቤት ውስጥ ከጓዳ ስንጠራቸው ወደ ደጅ የሚወጡ ሰው ናቸው። እኛም እንስቅባቸዋለን።

አባቴ ዓሣ ማጥመድን ደግመው አላነሱም። ዛሬ ሲጠሯቸው ቶሎ "አቤት" አይሉም፤ መጀመሪያ ዞር ዞር ብለው የጠራቸውን ሰው በዓይናቸው ይፈልጋሉ።