ከማንቆርቆሪያ የወጣችው ወፍ

የእህቴን ባል የሰፈሩ ሰው «ኳኳታ» ይለዋል። ሲያንሰው ነው! ጎረቤት ዓይኑን ሳይገልጥ እሱ መዶሻውን ያነሳል። ሥራው ከአሮጌ የቤት ዕቃ ጌጥ መሥራት ነው። ጎኑ የተጨረማመተ ትሪ ስጡት፣ የግድግዳ አበባ አድርጎ ይመልስላችኋል፤ ከሹካ ዓሣ፣ ከጭልፋ ቅጠል ያወጣል። ቀለም ግን አይቀባም። «የድስቱ ጭረት ካልታየ ምኑን ድስት ነበር?» ይላል። ግትር ነው፣ ምን ላድርገው።

እህቴ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ቁልፏን፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ ከዚያ እኔን፣ የእናቷን ልጅ። «አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ?» ስትለኝ ስቄ አለፍኩት፤ ማድ ቤት ገብቼ ግን አነባሁ። ባሏን ብቻ አልረሳችውም። ጠዋት ጠዋት የናስ ማንቆርቆሪያዋን ሞልታ ትጥዳለች፤ ሻዩን ታፈላና «አንተ ሰውዬ፣ ሻይህ ሊቀዘቅዝ ነው!» ብላ ወደ መሥሪያ ክፍሉ ትጣራለች። እሱም የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ግድ አልነበረውም፤ ያቺን ጥሪ እስከሰማ ድረስ ሚስቱ አለችለት።

አንድ ቀን የማንቆርቆሪያው ቂጥ ተበሳ። ውሃው ፈስሶ ምድጃውን አጠፋውና እህቴ ደንግጣ አለቀሰች። ሌላ ባል ቢሆን ቀዳዳውን ያስደፍን ነበር። የኛ ሰው ግን የተበሳ ዕቃ ሲያይ እጁን ይበላዋል። በሩን ዘግቶ ሲቆርጥና ሲቀጠቅጥ ዋለ። ከሆዱ ክንፍ፣ ከአፍንጫው ረጅም አንገት አውጥቶ ወፍ ሠራላት። ወይ እጅ! እንዲያ ያለ ሥራ ከእጁ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

«ያንቺው ማንቆርቆሪያ ናት፣ የኔ እመቤት። ከእንግዲህ አትፈስም» አላት።

«ታምራለች» አለችና ወፏን መልሳ ሰጠችው።

በማግስቱ የማድ ቤቱን ቁም ሳጥን ሁሉ ከፈተች። «ዕቃዬን ማን ወሰደብኝ?» አዲስ ማንቆርቆሪያ ገዝቼ ብሰጣት በእጇ ገፋችው። «የሰው ዕቃ አልነካም!» ሻይ አልተፈላም፣ ጥሪም የለም። ደሜ ፈላ።

«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? በዚህ ቤት ሌላ የሚቆረጥ ብረት ጠፍቶ ነው?»

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ደስ ይላታል ብዬ ነበር» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

ያቺን የመሰለች ወፍ መልሶ በታተናት። ክንፎቿን ነቅሎ ዘረጋ፣ አንገቷን አቃና፣ እንደገና ሆድ አድርጎ ጠቀለላቸው፣ በየዳቸው። የወጣው ነገር አሮጌ ጃኬት መሰለ፤ ስፌት በስፌት ላይ። ቢሆንም ውሃ ያዘ። የድሮ ቦታው ላይ አስቀመጠውና መሥሪያ ክፍሉ ገብቶ ጆሮውን አቁሞ ተቀመጠ። እኔም ልቤ ተሰቅሎ በሩ ሥር ቆምኩ።

እህቴ አገኘችው። እጀታውን ስትይዝ ፊቷ በራ፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ጣቷ ስፌቱ ላይ ደረሰ። አገላብጣ አየችው፣ አቀፈችውና ወደ መሥሪያ ክፍሉ ሄደች። እሱ ብድግ አለ።

«ይቅርታ፣ ጌታዬ፣ ሥራ አስፈታሁዎት» አለችው። «ሰዎች ዕቃዬን አበላሽተውብኛል። ባለቤቴ ብረት ሠሪ ነው፤ ሲመጣ ያስተካክልልኛል። እስከዚያ እርስዎ ጋ ላስቀምጠው?»

በሁለት እጁ ተቀበላት።

«የት ሄዶ ነው?» አላት።

«እኔ እንጃ። ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ።» ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ተቀይሞኝ ይሆን?»

«ኧረ በጭራሽ!» አላት። «እሱ በአንቺ አይቀየምም።»

አመስግናው ወጣች፤ በሩንም እንዳይረበሽ ብላ በቀስታ ዘጋችለት።