የመንገድ ዳር መነጽር

አዲስ አበባ የሄድኩት ልጄን ልይ ብዬ ነው። ለሰው የነገርኩት እንደዚያ ነው። ልጄን ማየት ጥሩ ነው፤ ግን ለዚያ ብዬ ከቡሌ እስከ ዲላ በዚያ መንገድ ተንገጫግጬ፣ ከዲላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ የምሄድ ሰው አይደለሁም። የሄድኩት መነጽር ፍለጋ ነው።

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ከሚስቶቻችን ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን። መዝገቡን ሲሰጡኝ አንዳንዱ በሆዱ ሳቀብኝ፤ በተለይ አንድ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ጎረቤቴ። እኔ ግን ሰባት ዓመት ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ፣ ቆሜም አነበብኩ። ሰው ሲያዳምጠኝ የኖርኩት ያን ሰባት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ፊደሎቹ እርስ በርስ ይጣበቁብኝ ጀመር። ባለፈው ስብሰባ አንድ መስመር ዘለልኩና በሕይወት ያለ ሰው ሞቷል ብዬ አነበብኩ። ሰውየው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

«እኔ ገና ነኝ» አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

የእድሩ ዳኛ አልሳቀም። «በሚቀጥለው ወርም እንዲህ ከሆነ መዝገቡን ለመምህሩ እንሰጣለን» አለ። መምህሩ መሬት መሬቱን አየ። ደስታውን ሲደብቅ እንደዚያ ነው። ዲላ ያለው የዓይን ሐኪም የሰጠኝ ቀጠሮ ደግሞ ከስብሰባው በኋላ ነበር የሚውለው።

መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤው ሄድኩ። እዚያ ትቼው ብሄድ መምህሩ «ትንሽ ልየው» ብሎ ከሚስቴ ይወስደዋል።

ልጄ እሁድ ሥራ የላትም። «የት ልውሰድህ አባዬ? ፓርክ እንይ?» አለችኝ።

«መንገድ ዳር የሚሸጥበት ውሰጂኝ።»

«ገበያ ልታይ ነው ከቡሌ የመጣኸው?» ብላ ሳቀች። ስለ ዓይኔ አልነገርኳትም። መዝገቡን ሌባ እንዳይወስደው ቤቷ ተውኩት።

መጀመሪያ የሄድነው እሁድ እሁድ መኪና ከልክለው ገበያ የሚያደርጉት መንገድ ላይ ነው። ሽንኩርቱ፣ ድንቹ፣ ጎመኑ አስፋልት ላይ ተዘርግቷል። እዚያ ሰላምታ የለም። ገዢው ቆሞ «ስንት ነው?» ይላል፤ ሻጩ ይናገራል፤ አለቀ። ቡሌ ገበያ ላይ የልጁን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ነገር ሳትጠይቅ ዋጋ ብትጠራ ጠብ ፈልገሃል ማለት ነው። የእነሱ መጥፎ ነው አልልም። የእኛም ሰላምታ ግማሹ ውሸት ነው።

አንዲት ሴት ቆጮ ትሸጣለች። እንደ አገሬ ልማድ ቆንጠር አድርጌ በጣቴ ጨመቅኩት። ውሃው ወጣ።

«አባባ፣ ከገዙ ይግዙ፤ ማሸቱን እኛ ጨርሰናል» አለችኝ።

«ምን ጨረሳችሁ፤ ውሃውን እኮ አብራችሁ ልትሸጡት ነው።»

«ውሃውን እመርቅልዎታለሁ!» አለች፤ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ተንጫጩ። ምላሷን ወደድኩት፤ ቆጮዋን አልገዛሁም።

ትንሽ አለፍ ብሎ አንድ ሰውዬ ጥሬ ቡና በጆንያ አፍ ዘርግቶ «የይርጋጨፌ! የይርጋጨፌ!» ይላል። አንዷን ፍሬ ነከስኩ።

«የይርጋጨፌ አይደለም።»

«ፋዘር፣ ይርጋጨፌን በዓይንዎ አይተውት ያውቃሉ?»

«እዚያው ይርጋጨፌ፣ ዱመርሶ ወርጄ ቡና ስለቅም አንተ አልተወለድክም።»

ልጄ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። «አባዬ፣ ሰዉን ሁሉ ልትጣላ ነው እንዴ?»

ከዚያ ሰልባጅ ልብስ የሚከመርበት ሄድን። ሻጩ ክምሩ ላይ ወጥቶ እያጨበጨበ ይጮሃል፤ ሰው ከሥሩ እጁን ሰዶ ይመዛል። ይህ ዲላም አለ። ዲላ ግን ሻጩ ያውቅሃል፤ የተቀደደውን ሲሰጥህ ትንሽ ያፍራል። እዚህ ማን ማንን ያፍራል።

መነጽሩን ያገኘሁት ከዚያ ቀጥሎ ነው። ሻጩ ጢሙን ያሳደገ ጎልማሳ ነው፤ ሸራውን አስፋልት ላይ ዘርግቶ፣ አራቱን ጫፍ በገመድ አስሮ ገመዱን እጁ ላይ ጠምጥሟል። አንዱን አንስቶ ሰካልኝና መስታወት ፊቴ ላይ ደቀነ።

«ሽክ! ፋዘር፣ ሚስት ሊያገቡ ነው እንዴ?»

«ፊቴን አውቀዋለሁ። የሚነበብ ነገር ስጠኝ።»

«የሚነበብ?» ዙሪያውን አየ። «እዚህ ማን ያነባል?»

ኪሴ ውስጥ አንድ ወረቀት አለኝ። ማንበብ የተማርኩበት መጽሐፍ ገጽ ነው፤ መጽሐፉ ሲበጣጠስ እሷን አስቀረሁ። አውጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ምንጫችንን እንጠር። ከብት አይግባበት። ውሃውን አፍልተን እንጠጣ።» አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። ሁለተኛ መነጽር አደረግኩ፤ አነበብኩ። ሦስተኛ፤ አነበብኩ። አራተኛም እንዲሁ። የከተማ ሰው ሌባ ነው ሲሉ ያጋንናሉ፣ ዕቃቸው ሁሉ ደህና ነው አልኩ በልቤ። መንገደኛው ቆሞ ያየኛል።

«ዜና አንባቢ ናቸው!» አለ ሻጩ።

ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። አፍንጫዬ ላይ በደንብ የተቀመጠውን መርጬ ከፈልኩ።

ልጄ ያቺን ወረቀቴን ስታይ ቆይታ ከቦርሳዋ የመድኃኒት ካርቶን አወጣች። «አባዬ፣ እስቲ ይህንንም አንብብ።»

«በሰው ፊት ልትፈትኚኝ ነው?» አልኳት፤ ቆጣ ብዬ። ያን ጊዜ ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው «ደንብ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ደንብ አስከባሪዎቹ ከመንገዱ ጫፍ ታዩ። ሻጩ ገመዱን ሳብ አደረገ፤ ሸራው ከነመነጽሩ ከረጢት ሆነ፤ ሰውየው በሰው መሀል ገብቶ ጠፋ። ካርቶኑን ሳላነበው ወደ ቤት ተመለስን። ያን ቀን ከዚያ ወዲያ መነጽሩን ከኪሴ አላወጣሁትም፤ ልጄም ደግማ አልጠየቀችኝም።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ስትሸኘኝ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል «አባዬ» አለችኝ፣ «ያቺን ገጽ እኮ ልጅ ሆኜ እኔም በቃሌ አውቃት ነበር። አንተ ስታጠና እየሰማሁ።»

አውቶቡሱ ከከተማ ሳይወጣ መዝገቡን ከላስቲኩ ፈታሁና መነጽሩን አደረግኩ። የገዛ እጄ ጽሕፈት ጭቃ መስሎ ታየኝ። አወለቅኩት፤ ያለ መነጽሩ ይሻላል። ወረቀቷን አውጥቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከላይ እስከ ታች ተወጣኋት፤ አንድ ቃል አልቀረችም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው የምጸልይ መስሎት ዝም አለልኝ።

አሁን ይህን የምጽፍበት መነጽር ዲላ ሐኪም የለካው ነው። ግድግዳ ላይ ያለውን ፊደል አንድ በአንድ ነው የሚያስነብቡት፤ ወሬ የለው፣ ትርጉም የለው። እሱ ግን ከስብሰባው በኋላ የመጣ ነው።

ስብሰባው ደረሰ። ዳኛው «ጸሐፊ፣ አንብብ» አለኝ። ተነሳሁና መዝገቡን ወስጄ ለመምህሩ ሰጠሁት።

«ዓይኔ አልቻለም» አልኩ። የሳቀ ሰው የለም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

መምህሩ ጥሩ አነበበ። ያናደደኝም ይኸው ነው። መሀል ላይ ግን ቆመና መዝገቡን ወደ እኔ አዞረው። «ይህቺ ምን ትላለች? ጽሕፈትህ አይደለች?»

አልታየችኝም። «ከእሷ በፊት ያለውን አንብብልኝ» አልኩት። አነበበልኝ። ምን ጽፌ እንደነበር ትዝ አለኝና ነገርኩት፤ ቀጠለ።

ሁለተኛ ጊዜ ሲቆም ግን እያወቅሁ ዝም አልኩ። መምህር አይደለ፤ ራሱ ይፍታው።